ራጁ ንጹሕ ነው፣ ጥርሱ ግን ያማል

«ዶክተር፣ ራጅ ተነሥቼ ምንም የለብህም ተባልኩ። ታዲያ ለምን ያመኛል?» ጎንደር ውስጥ ጥርስ ሳክም ይህችን ጥያቄ ስንቴ እንደሰማኋት እንጃ። ቁጭ ሲሉ ደህና ናቸው። ቆሎ ሲቆረጥሙ ብልጭ የሚያደርግ ውጋት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠጡም ጥዝጥዝ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተሰነጠቀ የመንጋጋ ጥርስ ነው። ስለ እሱ ደግሞ የማልሰማው የለም።

«ትል ገብቶበት ነው።» ጥርስ ውስጥ ትል የለም። አለቀ።

«ራጅ ካላሳየው በሽታ የለም።» እኔን የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ራጅ ጥርሱን የሚያነሣው ከጎን ነው። ስንጥቁ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። ሁለቱ ግማሾች ተደራርበው ስለሚታዩ መሃላቸው ያለው ክፍተት ይደበቃል። እንስራ ስትገዙ እኮ በዓይን አይታችሁ ብቻ አትከፍሉም፤ ኳ ኳ አድርጋችሁ ድምፁን ትሰማላችሁ። እኔም በመንጋጋ ጥርሱ ጫፎች ላይ በየተራ ትንሽ ነገር አስቀምጬ «ይንከሱ» እላለሁ። ቀጥሎ «ይልቀቁ»። ዋናው ምልክት ሲለቁ የሚመጣው ሕመም ነው። ሲነክሱ የተከፈተው ስንጥቅ ሲለቁ ስለሚገጥም ውስጡን ይነካዋል።

ከአዘዞ የመጡ አንዲት እናት ከእኔ በፊት ሌላ ቦታ ጤነኛ ጥርሳቸውን ተነቅለዋል። የሚያመው ግን ከጎኑ ያለው ነበር። ታካሚው የሚያመው የትኛው ጥርስ እንደሆነ ብዙ ጊዜ በትክክል መጠቆም አይችልም። ስለዚህ «ይሄን ንቀልልኝ» ሲሉኝ እሺ አልልም፤ ይቆጡ።

«ስንጥቁ እንደ ተሰበረ አጥንት ገጥሞ ይድናል።» አይድንም።

«ሕመሙ ጠፋ፣ ድኛለሁ።» ነርቩ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ያኔ የሚቀጥለው እብጠት ነው።

ቶሎ ከመጣችሁ ጥርሱን ዙሪያውን የሚይዝ ክዳን፣ ክራውን የምንለውን፣ እናለብሰዋለን። ነርቩ ከተጎዳ መጀመሪያ እሱ ይታከማል። ስንጥቁ ሥሩን ለሁለት ከከፈለው ግን መንቀል ነው። እስክትመጡ በዚያ ወገን አታኝኩ። ነጭ ሽንኩርት አትወትፉበት፤ ድዱን ያቃጥለዋል። የዳሽን ቆርኪ በጥርሳችሁ የምትከፍቱ ጎበዞች ደግሞ፣ እባካችሁ፣ መክፈቻ ግዙ።

የአዘዞዋ እናት ክራውኑ የገባላቸው ዕለት በመስታወት አዩትና «ልጄ፣ ቆሎስ?» አሉኝ።

«በሶ ይሻልዎታል» አልኳቸው።

አኮረፉኝ።