ለስላሳ የስፒኒንግ ዘንግ ምንድን ነው? ማማለያውና ክሩስ እንዴት ይመረጣሉ?

ስፒኒንግ ማለት ማማለያን፣ ማለትም ዓሣ የሚያታልል ሰው ሠራሽ ማጥመጃን፣ ወርውሮ ክሩን በሪል (በክር መጠቅለያው) እየጠቀለሉ ማጥመድ ነው። ለስላሳ የሚባለው ትንሽ ክብደት ሲጫነው ከጫፉ አልፎ እስከ ወገቡ እንደ ልምጭ የሚጎብጥ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነው። ጠንካራው ዘንግ የሚጎብጠው ጫፉ አካባቢ ብቻ ነው። ስንት ግራም ማማለያ እንደሚወረወር፣ መንጠቆውና ክሩ ምን ያህል መቅጠን እንዳለባቸው የሚወስነው ይኸው አጎባበጥ ነው።

ከመግዛት በፊት ከእጀታው ከፍ ብሎ ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል፤ የማማለያ ክብደትና የክር ጥንካሬ እዚያ አሉ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዘንግ በአውንስና በፓውንድ ይጽፋል። 1/8 አውንስ 3.5 ግራም፣ 1/4 አውንስ ደግሞ 7 ግራም ያህል ነው። አልትራላይት (እጅግ ቀላል) የሚባሉት ዘንጎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 7 ግራም ማማለያና ከ2 እስከ 6 ፓውንድ ክር ይቀበላሉ። የተሻለ የሚወረወረው ግን መካከሉ ላይ ያለው፣ ከ3 እስከ 5 ግራም የሚመዝነው ነው። ዘንጉ ማማለያውን የሚያስፈነጥረው በክብደቱ ጎብጦ ሲመለስ ስለሆነ፣ ክብደቱ ካነሰ ሳይጎብጥ ይቀርና ማማለያው ቅርብ ይወድቃል። ከበዛ ደግሞ ጫፉ ዘግይቶ ስለሚመለስ አቅጣጫ ይስታል፤ ሊሰበርም ይችላል። አወራወሩም ረጋ ያለ ይሁን፤ እጅን በድንገት ማወናጨፍ ጉብጠቱን ያባክነዋል።

ለዚህ ዘንግ የሚስማሙት መንጠቆአቸው ቀጭንና ስለታም የሆኑ ማማለያዎች ናቸው፦ ትንንሽ ስፒነር (ሲሳብ የሚሽከረከር ቅጠል ያለው)፣ ስፑን (የማንኪያ ቅርጽ ያለው ብረት)፣ ቀላል ጂግ (እርሳስ የተደፋበት መንጠቆ)። ስፒነርና ስፑን እየተጠቀለሉ ሳለ ዓሣው ነክሶ ሲዞር መንጠቆው በራሱ ይገባል። ከዚያ በኋላ ዘንጉ የዓሣውን መወራጨት እየተከተለ ስለሚጎብጥ ክሩ አይላላም፤ መንጠቆውም አፉን ቀድዶ አይወጣም። ዘንጉ ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ የሚወደደው በዚህ ምክንያት ነው። በባሌ ተራሮች ባሉት የዌብና የሻያ ወንዞች ለሚገኘው ትራውት ከ2 እስከ 4 ግራም የሚመዝን ስፒነር በቂ ነው። ወፍራም ነጠላ መንጠቆ የተደበቀበት የፕላስቲክ ትል ግን አይሆንም፤ ያንን መንጠቆ በኃይል ለማስገባት ዘንጉ ጉልበት የለውም። በጫሞ ሐይቅ ለሚገኘው ግዙፍ ዓሣ ለናይል ፐርችም ይህን ዘንግ ይዞ መሄድ ዓሣውን ማሠቃየት ነው፤ ትግሉ ይረዝማል፣ ክሩም ይበጠሳል።

ክሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንዳይበጠስ ብሎ ባለ 10 ፓውንድ ወፍራም ክር መጠቅለል ጉዳቱ ይበዛል፦ ከትንሽ ሪል ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ ዘንጉ ላይ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች ይፈትጋል፣ 3 ግራሟን ማማለያ መንገድ ላይ ያስቀራታል። ለጀማሪ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ፓውንድ ሞኖፊላመንት (ነጠላ የናይለን ክር) እንመክራለን፤ ርካሽ ነው፣ ለማሰርም ቀላል ነው። ጉድለቱ መለጠጡ ነው። የክሩ መለጠጥ በዘንጉ ልስላሴ ላይ ሲደመር፣ ሩቅ የነከሰ ዓሣ ላይ መንጠቆው በደንብ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ ለለመደ ሰው የተሻለው የተጎነጎነ ቀጭን ክር ነው። እሱ አይለጠጥም ለማለት ይቻላል፤ ድንገተኛውን ጉተታ ዘንጉ ራሱ ያለዝበዋል። ክሩ ውሃ ውስጥ እንዳይታይ ጫፉ ላይ 1 ሜትር ያህል ፍሎሮካርቦን (ውሃ ውስጥ ብዙም የማይታይ ክር) ይቀጠላል፤ ቋጠሮውን ከማጥበቅ በፊት በምራቅ ማርጠብ ግድ ነው። የተጎነጎነው ክር ባዶ ማጠንጠኛ (ክሩ የሚጠመጠምበት የሪሉ ክፍል) ላይ ስለሚንሸራተት፣ ከሥሩ ጥቂት ዙር ሞኖፊላመንት ይቅደም። ሙሉውን ማጠንጠኛ ፍሎሮካርቦን መሙላት ግን አይመከርም፤ ደረቅ ስለሆነ እየተፈታ ይዘላል።

ማጠንጠኛው ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀረው ይሞላ። ከዚያ ካለፈ ይተበተባል፤ በጣም ከጎደለ ውርወራው ያጥራል።

ስፒነር ክር ያከራል፤ ከማማለያው ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ትንሽ ተሽከርካሪ ማገናኛ ማሰር ያስፈልጋል። የሪሉ ፍሬን የክሩን ጥንካሬ ሩብ ያህል ሲሳብ እንዲለቅ ይስተካከል፦ ለባለ 6 ፓውንድ (2.7 ኪሎ ግራም ያህል) ክር 700 ግራም ገደማ፣ በእጅ ሚዛን ተስቦ። ዓሣው ክር እየጎተተ ሳለ እጀታውን ማዞርም ክሩን በየዙሩ ያከረዋል፤ ሲያርፍ ብቻ ይጠቅለል።