«384 ከብት ካየሁ ይበቃኛል»፦ ለእንስሳት ሕክምና ጆርናል ጽሑፍ ስታዘጋጁ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞች ጽሑፋቸውን ለጆርናል ከመላካቸው በፊት ረቂቁን እንዳነብላቸው ያመጡልኛል። ደስ ብሎኝ ነው የማነበው። ግን የናሙና መጠኑ ጋ ስደርስ ሁሌም ያው ቁጥር ነው፦ 384። ጥናቱ ስለ ፎገራ ላሞች የጡት በሽታ ቢሆን 384። ስለ በጎች የጉበት ትል ቢሆን 384። ስለ ጋሪ አህያ ቁስል ቢሆንም 384። ለምን ስላቸው «ፎርሙላው ነው ዶክተር» ይሉኛል። ይሄ መልስ በጣም ሰልችቶኛል። ቀለል ያሉትን ስህተቶች ቶሎ ቶሎ ላንሳና ወደ እሱ እመጣለሁ።

«እንግሊዝኛው ከበድ ሲል ይወደዳል።» አይወደድም። ጽሑፋችሁን የሚገመግመው ሰው እንደ እናንተው እንግሊዝኛን ትምህርት ቤት የተማረ ሊሆን ይችላል። አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉለት።

«ተሲሴን አሳጥሬ እልካለሁ።» ተሲስ እናንተ ምን ያህል እንደምታውቁ ማሳያ ነው። ጆርናል የሚፈልገው አንድ ጥያቄና መልሱን ነው። የጉበት ትልን የሕይወት ዑደት በሁለት ገጽ ማብራራት አያስፈልግም፤ የእንስሳት ሕክምና ጆርናል የሚያነብ ሰው ያውቀዋል።

«ለሁለት ጆርናል ልላክና ቀድሞ ለተቀበለኝ እሰጣለሁ።» ክልክል ነው። ሲታወቅ ከሁለቱም ትባረራላችሁ።

«ሪፈረንሱን ቻትጂፒቲ ይሞላልኛል።» የሌለ ጥናት ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ራሳችሁ ከፍታችሁ አንብቡ። ለቋንቋ ማስተካከያ ከተጠቀማችሁበትም ጆርናሉ በሚጠይቀው መንገድ ግለጹ።

«ቀኑን እንደ መዝገቡ እጽፋለሁ።» መዝገባችሁ በኛ ዘመን አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 2016 የተወሰደን ናሙና «ኦክቶበር 2016» ብላችሁ ስትልኩ ጥናቱን ሰባት ዓመት ታስረጁታላችሁ። ትክክለኛው ከኦክቶበር እስከ ኖቬምበር 2023 ነው።

«የኤቲክስ ፈቃዱን በኋላ አወጣዋለሁ።» ፈቃድ የሚወጣው ናሙና ከመወሰዱ በፊት ነው። ወደኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። የከብቱ ባለቤት መስማማቱም መጻፍ አለበት።

«የአለቃዬ ስም ካልገባ አይሆንም።» ይሄ ያስቸግራል፣ አውቃለሁ። ብዙ ጆርናሎች የሚከተሉት የዓለም አቀፉ የሕክምና ጆርናል ኤዲተሮች ኮሚቴ መስፈርት ግን ግልጽ ነው። ደራሲ የሚባለው በጥናቱ ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው፣ ጽሑፉን የጻፈ ወይም በቁም ነገር ያረመ፣ የመጨረሻውን ቅጂ አይቶ ያጸደቀና ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን የተስማማ ነው። አራቱም መሟላት አለባቸው። መኪና የፈቀደላችሁ ኃላፊ ምስጋና ላይ ይገባል። ይሄን ሥራው ሳይጀመር ተነጋገሩ፤ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሲሆን ሰው ይቀየማል።

«ቶሎ የሚቀበል ጆርናል ጥሩ ጆርናል ነው።» በሦስት ቀን «ተቀብለናል፣ ክፈል» የሚል ኢሜይል ከመጣ ሩጡ። አንድ የማውቀው ልጅ ከደመወዙ ቆጥቦ ከፈለ። ዓመት ሳይሞላ ድረ ገጹ ጠፋ፣ ጽሑፉም አብሮ። ብዙ አሳታሚዎች እንደኛ ላሉ አገሮች ደራሲዎች ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ። ግን ጥያቄው የሚቀርበው ጽሑፉ ሲላክ ነው፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ አይደለም።

አሁን ወደ 384።

ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ራሳችሁ አስሉት። የሚጠበቀው የስርጭት መጠን 50 በመቶ፣ የስህተት ወሰኑ 5 በመቶ፣ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ ይሁን። 1.96ን (የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር ነው) በራሱ አባዙ፣ ከዚያ በ0.5፣ እንደገና በ0.5፤ ለ0.0025 (0.05 በራሱ ሲባዛ) አካፍሉ። 384.16 ይመጣል። ከእነዚህ አንዱ ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። 50 በመቶ የሚወሰደው ስለ በሽታው ቀዳሚ መረጃ ከሌለ ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ስለሆነ። በጣና ዙሪያ ስለ ጉበት ትል ግን ጥናት ሞልቷል። እናንተው መግቢያችሁ ላይ ጠቅሳችኋል። መግቢያው ላይ እነሱን ደርድራችሁ ዘዴው ላይ «ከዚህ በፊት ጥናት ስላልነበረ 50 በመቶ ወስደናል» ትላላችሁ። ሪቪወሩ (ገምጋሚው) ሁለቱንም ያነባል እኮ።

ቀዳሚ ጥናት 20 በመቶ ካለ 246 ከብት ይበቃል። በሽታው 5 በመቶ ገደማ ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ የ5 በመቶ ስህተት ዋጋ የለውም፤ መልሳችሁ ከ0 እስከ 10 በመቶ ባለው ውስጥ ይዋልላል። ስህተቱን ወደ 2 በመቶ ስታወርዱ 457 ከብት ያስፈልጋል።

ይሄ ግን ትንሹ ችግር ነው። ትልቁ ሌላ ነው። ፎርሙላው የሚሠራው እያንዳንዱ ከብት ለብቻው በዕጣ ከተመረጠ ነው። እኛ ምን እናደርጋለን? ወደ ሐሙሲት ወይም ወደ ወረታ እንሄዳለን፣ አንድ ገበሬ በረት እንገባለን፣ ያሉትን አሥሩንም ናሙና ወስደን እንወጣለን። እነዚያ አሥር ከብቶች አንድ ረግረግ ላይ ይውላሉ፣ አንድ ቦታ ይጠጣሉ፣ መድኃኒትም የሚሰጣቸው አንድ ሰው ነው። አንዱ ትል ካለበት ሌላውም ሊኖርበት ይችላል። ስለዚህ አሥሩ የአሥር ከብት ያህል መረጃ አይሰጡም።

ማስተካከያው ከባድ አይደለም። ከአንድ በረት ከሚወሰደው ቁጥር ላይ 1 ቀንሱ፣ በበረት ውስጥ ባለው መመሳሰል (ከ0 እስከ 1 ባለ ቁጥር ይገለጻል) አባዙት፣ 1 ጨምሩበት፤ የናሙና መጠኑን በውጤቱ አባዙ። መመሳሰሉ 0.2 ነው እንበል። ከየበረቱ አሥር ከወሰዳችሁ 2.8 ይሆናል፤ 384 ወደ 1,076 ያድጋል። ይሄን ስታዩ አቅም የለንም ካላችሁ ልክ ናችሁ። መፍትሔው ብዙ በረት መግባትና ከየበረቱ ጥቂት መውሰድ ነው። ከየበረቱ ሦስት ብቻ ስትወስዱ 538 ይበቃል። ነዳጁ ይጨምራል፣ እውነት ነው። ጥናቱ ግን ጥናት ይሆናል።

አንዲት ጎበዝ ወጣት ሐኪም በከተማችን ባሉ ዲቃላ የወተት ላሞች የጡት በሽታ ላይ የሠራችውን ይዛልኝ መጣች። አንድ ጆርናል መልሶባት ነበር። የሪቪወሩ የመጀመሪያ ጥያቄ «ላሞቹ ከስንት እርባታ ናቸው?» የሚል ነው። ጽሑፉ ውስጥ የለም። የመስክ ደብተሯን አስመጣኋት። ወተት የነጠበበት ደብተር ነው፤ የባለቤቱ ስም፣ ቀኑ፣ የበረቱ ወለል፣ አላቢው እጁን መታጠብ አለመታጠቡ ሁሉ ተጽፎበታል። ብዙዎቹ ላሞች ከአንድ ትልቅ እርባታ ነበሩ። በዚያ ላይ የእያንዳንዷን ላም አራት ጡቶች እንደ አራት የተለያዩ እንስሳት ቆጥራቸዋለች። እርባታውንና ላሟን ያገናዘበ ትንተና ስንሠራ «ዝርያ ወሳኝ ነው» የሚለው ዋና ግኝቷ ጠፋ። የወለሉ ንጽሕና ግን ቀረ። ለገበሬው የሚጠቅመውም እሱ ነው፤ ወለል ማጽዳት ይችላልና።

የቄራ ጥናትም እንዲሁ ነው። ባሕር ዳር ቄራ የሚታረደው በሬ ነጋዴ ከየወረዳው ያመጣው ነው። «የጉበት ትል ስርጭት በባሕር ዳር» አትበሉ። «በባሕር ዳር ቄራ በታረዱ ከብቶች» በሉ፣ መነሻቸውን መዝግቡ።

«የከሳ ከብት ለትሉ ይበልጥ ይጋለጣል» የሚለውም በየረቂቁ አለ። ትሉ ነው ያከሳው ወይስ ክሳቱ ነው ያጋለጠው? አንድ ቀን ብቻ ያያችሁት ከብት ይሄን አይነግራችሁም። አብረው ታዩ በሉ፣ እዚያ ላይ አቁሙ።

የጥናቱ ቦታ ሲገለጽ ከአዲስ አበባ ያለውን ርቀት ሁሉም ይጽፋል። ለበሽታው ምን ያደርግለታል? ክረምቱ አልፎ የጣና ውሃ ከዳር ሲሸሽ ከብቱ አዲሱን ሣር ተከትሎ እንደሚወርድ ጻፉ። ትሉን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ያለው እዚያ እርጥብ መሬት ላይ ነው፣ የትሉም እጭ ሣሩ ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል። እጩ ተበልቶ እንቁላሉ በሰገራ እስኪታይ ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። ናሙናው በየትኛው ወር እንደተወሰደ ካልተጻፈ ሪቪወሩ ውጤታችሁን በምን ይመዝነው?

በእንስሳት ላይ ለሚደረጉ የምልከታ ጥናቶች ስትሮብ-ቬት የሚባል፣ ጽሑፉ ውስጥ ምን ምን መገለጽ እንዳለበት የሚዘረዝር፣ በፈረንጆቹ 2016 የወጣ መመሪያ አለ። ነፃ ነው። ጽሑፉ ሲያልቅ ሳይሆን ፕሮፖዛሉን ስትጽፉ አጠገባችሁ ይሁን።

አንድ ልጨምር፣ «እምቢ ያሉ ባለቤቶችን መጻፍ ሥራዬን ያሳንሰዋል» ለሚሉ። አያሳንሰውም። ስንት በረት እንዳንኳኳችሁ፣ ስንቱ እምቢ እንዳለ፣ ምክንያታቸውን ከነገሯችሁም ምክንያቱን ጻፉ። እርጉዝ ላም አትነኩብኝም ያለ ገበሬ ካለ፣ እርጉዞቹ ከናሙናው እንደጎደሉ አንባቢው ማወቅ አለበት።