አፍ ሲደርቅ ጥርስ ምን ይሆናል?

ምራቅን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። ጤነኛ ሰው ግን በቀን ከግማሽ እስከ 1.5 ሊትር ያመነጫል፤ የጥርስ ዋና ጠባቂም እሱ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ያጥባል። ባክቴሪያዎች ከስኳር የሚሠሩትን አሲድ ያለዝባል። አሲዱ የጥርስን ሽፋን መሸርሸር ሲጀምር ደግሞ ምራቅ ውስጥ ያሉት ካልሲየምና ፎስፌት ተመልሰው ይጠግኑታል። አፍ ሲደርቅ ይሄ ሁሉ ይዳከማል።

ያኔ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል፤ ያውም ብዙ ጊዜ በማይበላሽበት ቦታ፣ ድድ ሥር፣ አንዳንዴም የፊት ጥርስ ጫፍ ላይ። ድዱ የሸሸ ትልቅ ሰው ከሆነ ሥሩም ይቦረቦራል። መጥፎ ጠረን፣ የአፍ ፈንገስ፣ ደረቅ እንጀራ እንኳን መዋጥ ማቃት ይከተላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስም አልይዝ ይላል።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የተለመደው መድኃኒት ነው። የአለርጂ፣ የድብርት፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ምራቅ ይቀንሳሉ። ስኳር በሽታ፣ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎችን የሚያጠቃው የሾግረን ሕመም፣ ለአንገትና ለጭንቅላት ካንሰር የሚሰጥ የጨረር ሕክምናም አሉበት። በአፍ መተንፈስም ያደርቃል። ጫት የሚቅሙ ሰዎች ይሄን በደንብ ያውቁታል፤ አፋቸው ሲደርቅ በለስላሳ ወይም በስኳር ሻይ ያወራርዱታል፣ ምራቅ በሌለበት ሰዓት ጥርሱ ለብዙ ሰዓት ስኳር ውስጥ ተዘፍዝፎ ይውላል ማለት ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ለጊዜው ያረጠበ ይመስላል እንጂ ጥርሱን የሚጨርሰው እሱ ነው። ከረሜላ መምጠጥም ያው ነው።

ስለዚህ ውኃ ጎንጨት ጎንጨት እያላችሁ ዋሉ። ስኳር የሌለው ማስቲካ ማኘክ ምራቅ ይቀሰቅሳል። መፋቂያም ሲታኘክ ምራቅ ያመጣል፣ ግን ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና አይተካም። አልኮል ያለበትን የአፍ መጉመጥመጫ ተዉት፣ ይብሱን ያደርቃል። መድኃኒቱ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙት፤ ሐኪማችሁ መጠኑን ሊቀንስ ወይም በሌላ ሊቀይርላችሁ ይችላል። ለጥርስ ሐኪሙም የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩት፤ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ሳሙና ሊያዝላችሁ ይችላል። ማታ እንቅልፍ ላይ ምራቅ ከምንጊዜውም በላይ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ቦርሹ፣ ከዚያ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አትቅመሱ።