ላፕቶፑ ዋይፋይ አልይዝ ሲል፦ ደሴ ላይ የሚባለው እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ላፕቶፕ ለሚጠግን ሰው በብዛት የሚቀርብለት ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ዋይፋይ አልይዝ አለኝ፤ ፎርማት አድርግልኝ።» ደንበኛው በሽታውንም መድኃኒቱንም ይዞ ይመጣል። እኔን የሚያንገበግበኝ መድኃኒቱ ነው። አብዛኛው የዋይፋይ ችግር ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን አጥፍቶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን፣ አይፈልግም። አንዳንዱማ ከነጭራሹ የላፕቶፑ ችግር አይደለም። ስለዚህ እዚህም ኮምቦልቻም በየጊዜው የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ። የምነግራችሁ በዊንዶውስ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመው እሱን ስለሆነ።

«ሲግናሉ ፉል ነው፤ ስለዚህ ኢንተርኔት አለ»

የዋይፋይ ምልክቷ የምትነግራችሁ ላፕቶፑ እና ራውተሩ (ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ሳጥን) መገናኘታቸውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወደ ውጭ ያለው መስመር ስለመስራቱ ምንም አትልም። ራውተሩ ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ፣ የውጭው ገመድ ተበጥሶም ቢሆን ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል።

መጀመሪያ ላፕቶፑን ሳይሆን ራውተሩን እዩት። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ «ኤል ኦ ኤስ» የሚል የተጻፈባት ትንሽ መብራት አለች። እሷ ቀይ ከሆነች ብርሃኑ በፋይበሩ እየደረሰ አይደለም። ገመዱ በር ስር ታጥፎ ወይም ሶፋ ተጭኖት እንደሆነ ተመልከቱ። ፋይበር ውስጡ መስታወት ስለሆነ አጥብቆ ማጠፍ አይወድም። ደህና ከሆነ ችግሩ ከቤት ውጭ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆናችሁ 994 ደውሉ። መብራቶቹ ሁሉ ደህና ከሆኑ ደግሞ ወርሃዊ ክፍያው መከፈሉን አረጋግጡ። በዚህ ሁሉ መሃል ላፕቶፑን ተሸክሞ ጥገና ቤት መሄድ ምንም አይፈይድም።

«ስልኬ ላይ ይሰራል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ነው የተበላሸው»

ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አሞካከሩ ግን ይሳሳታል። ብዙ ስልኮች ዋይፋዩ ኢንተርኔት እንደሌለው ሲያውቁ ሳይነግሯችሁ ወደ ሞባይል ዳታ ይዞራሉ። ቴሌግራሙ ሲገባላችሁ በዋይፋዩ የገባ ይመስላችኋል። ስለዚህ ዳታውን አጥፉ፣ ከዚያ ከዚህ በፊት ያልከፈታችሁትን ድረ ገጽ ክፈቱ። ስልኩም ካልከፈተ ችግሩ ራውተሩ ወይም መስመሩ ላይ ነው። ስልኩ ከከፈተ ግን አዎ፣ ወደ ላፕቶፑ እንሂድ።

ይሄ ሙከራ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማንም ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት እንዲሞክረው እለምናለሁ።

«ፎርማት ሲደረግ ሁሉም ይስተካከላል»

ይሄን በደንብ ልናገረው፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመመረቂያ ሰሞን ላፕቶፕ ይዘው ሲመጡ ውስጡ የመመረቂያ ጽሑፋቸው አለ። ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ኮፒ የለውም። ለዋይፋይ ብሎ ይሄን አደጋ ውስጥ መክተት ተገቢ አይደለም።

ከዚያ በላይ ፎርማት ችግሩን ሊያባብሰው ይችላል። ዋይፋይ ካርዱ የሚሰራው ድራይቨር በሚባል ሶፍትዌር ነው። ፎርማት ሲደረግ የነበረው ድራይቨር አብሮ ይጠፋል። አዲሱ ዊንዶውስ ለዚያ ካርድ የሚሆን ከሌለው፣ አልይዝ ይል የነበረው ዋይፋይ አሁን ጭራሽ ምልክቱም ይጠፋል። ያን ጊዜ «ካርዱ ተቃጥሏል» ይባላል።

ይሄ የደረሰባችሁ ካላችሁ አትደንግጡ። አንድሮይድ ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሰኩ። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ሆትስፖት ካለበት ቦታ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን አብሩ። ላፕቶፑ በገመዱ ኢንተርኔት ያገኛል፤ ከዚያ የሞዴሉን ድራይቨር ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ ነው። ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ላይ ከሆነ የሚያልፈው የዋይፋዩ ኢንተርኔት ስለሆነ የሞባይል ጥቅላችሁ አይነካም።

ሰው ከፎርማት የሚጠብቀውን ነገር ፋይል ሳይነካ የሚሰራ መንገድ ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ አለ። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት ግቡና «ኔትወርክ ሪሴት» የሚለውን ፈልጉ። የኔትወርክ ቅንብሩን ብቻ አጽድቶ እንደ አዲስ ይተክለዋል። የተመዘገቡ የዋይፋይ የይለፍ ቃሎች ይጠፋሉ፣ ስለዚህ የቤታችሁን ቀድማችሁ ጻፉት።

«አጥፍቼ አበራሁት፤ እምቢ አለ»

ማጥፋት እና ሪስታርት አንድ አይደሉም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ብዙ ላፕቶፖች ሸት ዳውን ሲባሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፉም። ቶሎ ለመነሳት የስርዓቱን ሁኔታ፣ ድራይቨሮቹንም ጨምሮ፣ ዲስክ ላይ አስቀምጠው ይተኛሉ። ስትከፍቱት የተሳሳተው ነገር አብሮ ይነሳል። ሪስታርት ግን ከባዶ ያስነሳል። ስለዚህ «ሪስታርት» የሚለውን ራሱን ተጫኑ። እንዲህ ቀላል መሆኑ ሰውን ያስገርማል፣ ግን ብዙ ጊዜ ይሰራል።

«የይለፍ ቃሉ ልክ ነው፤ ላፕቶፑ ነው አልቀበል ያለው»

የይለፍ ቃሉ መጻፊያ ላይ የዓይን ምልክት አለች። እሷን ተጭናችሁ የጻፋችሁትን እዩት። አማርኛ መጻፊያ በርቶ እንደሆነ፣ ወይም ሁሉም በትልቁ ፊደል ወጥቶ እንደሆነ ያኔ ይታያል። ከነጥቦቹ ስር ግን አይታይም። የራውተሩ የይለፍ ቃል በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ደግሞ የዋይፋዩን ስም በቀኝ ተጭናችሁ «ፎርጌት» በሉት፤ ከዚያ እንደ አዲስ ግቡ።

«ቀንና ሰዓት ከኢንተርኔት ጋር ምን አገናኘው?»

በጣም ያገናኘዋል፤ በተለይ እኛ አገር። ድረ ገጾች እውነተኛ መሆናቸውን የሚያሳዩበት ዲጂታል ምስክር ወረቀት አላቸው። ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ላፕቶፑ ይሄን ከራሱ ቀን ጋር ያመሳክራል። አንድ ሰው የላፕቶፑን ቀን በኛ ዓመተ ምሕረት ሲሞላው፣ ላፕቶፑ የሚያውቀው የፈረንጁን ቆጠራ ስለሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ የቀረ ይመስለዋል። ምስክር ወረቀቶቹ ሁሉ ገና ያልተወለዱ ይሆኑበታል። ዋይፋዩ ተይዟል፣ ሲግናሉም አለ፣ ድረ ገጽ ሲከፈት ግን «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመጣል።

ቀኑ በራሱ ወደኋላ የሚሄድበትም ጊዜ አለ። አንዳንድ ላፕቶፕ ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለችው። እሷ ካለቀች፣ ዋናው ባትሪም ከሞተ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ይዛባል። መብራት ከመጣ በኋላ ሁልጊዜ ኢንተርኔት እምቢ የሚላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ባትሪዋን መቀየር ቀላል ሥራ ነው።

ሰዓቱን በሐበሻ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ 6 ሰዓት ወደኋላ በእጅ አትመልሱት። ታይም ዞኑን «ቦነስ አይረስ» አድርጉት። ከኛ ልክ 6 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ የሚታየው ቁጥር የኛው ሰዓት ይሆናል፤ ውስጡ ያለው እውነተኛ ሰዓት ግን አይዛባም። በኢንተርኔት ስብሰባ የምትገቡ ከሆነ ግን ከኛ ጋር አንድ ሰዓት ያላት ናይሮቢ ላይ ተዉት፤ የስብሰባው ሰዓት ያምታታችኋል።

«ቪፒኤኑን ዘግቼዋለሁ»

እንደ ሳይፎን ያሉ የቪፒኤን ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይ ሲሰሩ የፕሮክሲ ቅንብሩን፣ ማለትም ብራውዘሩ በየት በኩል ወደ ኢንተርኔት እንደሚወጣ የሚወስነውን፣ ይቀይራሉ። በሥርዓት ስትዘጓቸው ይመልሱታል። መብራት ሄዶ ላፕቶፑ ድንገት ከጠፋ ግን ቅንብሩ እንደተቀየረ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በኋላ ብራውዘሩ በሌለ በር ለመውጣት ይሞክራል፤ ምንም ገጽ አይከፈትም። ሴቲንግ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ፕሮክሲ ግቡ። «ዩዝ ኤ ፕሮክሲ ሰርቨር» በርቶ ካገኛችሁት አጥፉት። በቃ።

«ራውተሩን በመርፌ ወጋ አድርገው»

እባካችሁ ተዉ። ከራውተሩ ጀርባ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ራውተሩን ከፋብሪካ እንደወጣ ታደርገዋለች። ለመስመሩ የተሞላው ቅንብር ከጠፋ ባለሙያ መጥቶ እስኪሞላው ድረስ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል። ራውተሩን ማስነሳት ከፈለጋችሁ ከሶኬት ንቀሉት፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ሰኩ። መብራቶቹ እስኪረጋጉም ጥቂት ደቂቃ ታገሱት።

«ጉሙ ነው፤ ጦሳ ነው የሚጋርደው»

ክረምት ላይ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው ይሄ ይባላል። ተራራ የሞባይል ሲግናል ሊጋርድ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለ ራውተርና ሌላ ክፍል ያለ ላፕቶፕ መሃል ግን ተራራም ጉምም የለም። ያለው ግድግዳ ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ብሎኬት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብረት። ኮምቦልቻ ላይ በቆርቆሮ በተከፈለ መጋዘን ውስጥ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ሲግናል ክፍሉ በር ላይ ሲያልቅባቸው ምክንያቱ እሱ ነው። ራውተሩን ከቡፌው ውስጥ አውጡትና ከፍ ያለ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አስቀምጡት።

«ስልኩ ዋይፋዩን ያየዋል፤ ላፕቶፑ አያየውም። ስለዚህ ተበላሽቷል»

ብዙ ራውተሮች በሁለት ዓይነት ሞገድ፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ፣ ያሰራጫሉ። 2.4 ራቅ ይላል፣ ግድግዳም ይሻገራል፤ 5 ፈጣን ነው፣ ግን ቶሎ ይዳከማል። ቆየት ካሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 5ን ጭራሽ አያዩም። ከስልክ ሆትስፖት ስትሰጡም እንዲሁ ነው። የስልኩን ሆትስፖት ወደ 2.4 ቀይሩት፣ ስሙ ወዲያው ይመጣል።

«ካርዱ ተቃጥሏል»

ከመባሉ በፊት ሦስት ነገር ይታይ። ከላይ ባለው የቁልፍ መስመር የአውሮፕላን ምስል ያለባት ቁልፍ አለች፤ ሳይታወቅ ተነክታ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ የቆየ ላፕቶፕ ጎኑ ላይ የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያም አለው። ቀጥሎ ዲቫይስ ማናጀር የሚባለውን፣ የላፕቶፑን ክፍሎች የሚዘረዝረውን የዊንዶውስ መስኮት፣ ክፈቱ። የዋይፋዩ ስም ላይ ወደታች የሚያመለክት ቀስት ካለ ጠፍቶ ነው፤ ማብራት ብቻ ነው። ቢጫ ምልክት ካለ ብዙ ጊዜ ድራይቨር ነው።

ሦስተኛው፣ ላፕቶፑ በቅርቡ ተፈትቶ ያውቃል? ራም ሲጨመር ወይም አቧራ ሲጸዳ ካርዱ ላይ የሚሰኩት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሊነቀሉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ ወይም ግራጫ ነው። በስክሪኑ ዙሪያ ካለው አንቴና የሚመጡ ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ክብ መሰኪያ አለቻቸው። ካልተሰኩ ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚይዘው ራውተሩ ስር ሲቀመጥ ብቻ ነው። ለጠገነላችሁ ሰው «አንቴናውን እይልኝ» በሉት። ከፍቶ ጠቅ ማድረግ ነው።

ካርዱ እውነትም ሞቶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካርዱን ብቻ መቀየር ይቻላል። አንዳንድ የቆዩ የኤችፒ እና የሌኖቮ ሞዴሎች ግን ከራሳቸው ዝርዝር ውጭ ያለ ካርድ አይቀበሉም፤ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ካልሆነ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካ ትንሽ የዋይፋይ ዶንግል አለች። ስትገዙ ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ በስልካችሁ ሆትስፖት ሞክሯት፣ ከያዘች ክፈሉ።