ከሌላ ሙያ መጽሐፍ ለሚያነቡ ተመራማሪዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሐዋሳ ላይ የፕሮፖዛል ዲፌንስ ሰሞን የማይቀር ወሬ አለ፦ «ዳርዊን የኢኮኖሚስቱን የማልተስን መጽሐፍ አነበበና የተፈጥሮ ምርጫ ብልጭ አለለት።» ይህን የሰማ ሁሉ ከሙያው ውጭ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ ተሸክሞ ብልጭታውን ይጠብቃል። አሁንስ ሰለቸ።

ዳርዊን ማልተስን ያነበበው እ.ኤ.አ. በ1838 መኸር ላይ ነው። ስለ ዝርያዎች መለወጥ ማስታወሻ መያዝ የጀመረው ግን በ1837 ነው። ዝርያ እንደሚለወጥ አምኗል፤ አርቢዎች የተሻለውን እየመረጡ እንደሚያራቡም ያውቃል። ያልገባው በዱር አርቢ ሳይኖር ምርጫው እንዴት እንደሚካሄድ ነበር። ማልተስ የሚለው የሰው ቁጥር ካልተገታ በ25 ዓመት እጥፍ እንደሚሆን፣ ምግብ ግን በዚያ ፍጥነት እንደማያድግ ነው። ዳርዊን ከዚህ ውስጥ ጫናውን ብቻ ነጥሎ ወደ እንስሳትና ዕፅዋት አዞረው፤ የራሱን መጽሐፍ እስኪያሳትም ደግሞ 1859 ደረሰ። ነገሩ የመጽሐፉ ተአምር ቢሆን ኖሮ፣ በ1798 ወጥቶ በ1826 ስድስተኛ እትም የደረሰውን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ ዳርዊን በሆነ ነበር። ለብቻው እዚያው ሐሳብ ላይ የደረሰው የተፈጥሮ ተመራማሪው ዋላስም ማልተስን ያነበበ፣ ጥያቄውንም ለዓመታት ይዞ የዞረ ሰው ነው።

ስለዚህ መጽሐፉን ከመግለጣችሁ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ፦ ምን ለካሁ? የቱ ጋ ቆመብኝ? የሐዋሳ ሐይቅን ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚያጠና ተማሪ የዓሣውን ርዝመትና ለመራባት የሚደርስበትን መጠን ይለካል። ጠባብ ዓይን ያለው መረብ ያልደረሰውን ዓሣ እንደሚጠርግ እያወቀ አጥማጁ ለምን እንደሚጥለው ግን ባዮሎጂው አይነግረውም። የኤሊኖር ኦስትሮም የ1990 መጽሐፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ኦስትሮም የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ነበረች፤ በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸልማለች። የጋራ ሀብትን ለረጅም ዘመን ጠብቀው ከቆዩ ማኅበረሰቦች 8 መርሆዎችን አውጥታለች።

የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ተማሪው 8ቱን መጠይቅ አድርጎ «አለ/የለም» እያለ ምልክት ያደርጋል፤ መርሆዎቹ ከጸኑ ሥርዓቶች የተለቀሙ እንጂ የምግብ አሠራር አይደሉም። ይልቅ አንዱን ያዙ፤ ለምሳሌ ቁጥጥርን። መረቡን ማን ያያል? ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለማን ነው? መጀመሪያ የተያዘና ደጋግሞ የተያዘ ሰው ቅጣታቸው ይለያያል? ከዚያ ወደ ራሳችሁ ሙያ ተመለሱ፦ አሞራ ገደል (የሐይቁ ዓሣ ገበያ) ላይ መረቡን ወጥራችሁ የዓይኑን ስፋት ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ፣ የተያዘውን ዓሣ ርዝመት፣ አጥማጁ የማኅበር አባል መሆን አለመሆኑን መዝግቡ። በአባላትና አባል ባልሆኑት መካከል ልዩነት ካልታየ የተዋሳችሁት ሐሳብ አልሠራም ብላችሁ ጻፉ። ለመጽሐፉ ማዘን አያስፈልግም።

«ሐሳብ ያነቃ መጽሐፍ ዝርዝሩም ትክክል ነው።» አይደለም። የፊዚክስ ሊቁ ሽሮዲንገር በ1944 ስለ ሕይወት የጻፈው መጽሐፍ በኋላ የዲኤንኤን ቅርጽ ያገኙትን ዋትሰንንም ክሪክንም ወደ ጂን ጥያቄ ስቧቸዋል፤ ሽሮዲንገር ግን ጂን ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም ብሎ ነበር፤ ዲኤንኤ ሆኖ ተገኘ።

«ከዳር እስከ ዳር ካላነበብኩት አልጠቅስም።» መግቢያውን፣ አሠራሩን የሚያስረዳውን ምዕራፍና የተቺዎቹን ጽሑፍ አንብቡ።

«ከሌላ ሙያ የመጣ ጥቅስ ቴሲሱን ያከብደዋል።» የፈታኙን የመጀመሪያ ጥያቄ ይጠራል እንጂ። ከማስገባታችሁ በፊት ያንን ክፍል ብቻ ቆርጣችሁ የዚያ ትምህርት ክፍል ሰው እንዲያነበው ስጡት፤ አማካሪያችሁ የማያየውን ስህተት እሱ ወዲያው ያየዋል።