በቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«እያንዳንዱ አገር የራሱን ድርሻ ከጠበቀ በቂ ነው።»

ከሐይቁ 51 በመቶው የታንዛኒያ፣ 43 በመቶው የኡጋንዳ፣ 6 በመቶው የኬንያ መሆኑ እውነት ነው፤ ዓሣው ግን ወሰን አያውቅም። አንዱ የከለከለውን መረብ ጎረቤቱ ከፈቀደው የከልካዩ ድካም ከንቱ ይሆናል። ሦስቱ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1994 የቪክቶሪያ ሐይቅ ዓሣ ሀብት ድርጅትን ያቋቋሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ የሚገኘው በኡጋንዳዋ ጂንጃ ከተማ ነው። የየአገሩ ተመራማሪዎች የድምፅ ሞገድ ወደ ውኃው በሚልክ መሣሪያ ሐይቁን በጋራ ይቃኛሉ፤ ጀልባዎችን፣ መረቦችንና አስጋሪዎችንም በአንድ ዓይነት አሠራር ይቆጥራሉ።

«የሚወጣው ዓሣ ካልቀነሰ ሀብቱ ደህና ነው።»

ከሁሉ ይበልጥ የሚያዘናጋው አመለካከት ይህ ይመስለኛል። ጠቅላላ ክብደቱ ሳይቀንስ በውስጡ ያለው የዓሣ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል፤ በቪክቶሪያም የሆነው ይኸው ነው። ዛሬ በክብደት ትልቁን ድርሻ የያዘችው ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ኬንያውያን ኦሜና የሚሏት ጣት የማታህል ዓሣ ስትሆን፣ ወደ አውሮፓ የሚላከው የናይል ፐርች ድርሻ ከቀድሞው አንሷል። ከዚህም ሌላ የአስጋሪዎቹና የጀልባዎቹ ቁጥር ባለፉት አሥርት ዓመታት እጅግ ስለ ጨመረ፣ ጠቅላላው ምርት ባይቀንስም ለአንድ ጀልባ የሚደርሰው ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪው ስንት ቶን እንደ ወጣ ብቻ ሳይሆን፣ በስንት ጀልባ፣ በምን ዓይነት መረብና ዓሣው ምን ያህል ርዝመት ሳለው እንደ ተያዘ ይጠይቃል።

«መጠበቅ ያለበት ትንሹ ዓሣ ብቻ ነው።»

ሦስቱ አገሮች እንዲሰገር የተስማሙበት የናይል ፐርች ርዝመት ግን ከ50 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ነው። ትንሹ እስኪያድግ ይጠበቃል፤ ከትልልቆቹ አብዛኞቹ እንስት ሲሆኑ፣ አንዲቱ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል እነሱም ይጠበቃሉ።

«ናይል ፐርች የሐይቁ ነባር ዓሣ ነው።»

አይደለም። በእኛው ጫሞ ሐይቅ ነባር ቢሆንም፣ ወደ ቪክቶሪያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሰው እጅ ነው።

«ሕገ ወጥ አስጋሪዎችን የሚይዘው ድርጅቱ ነው።»

ድርጅቱ ያስተባብራል፣ ያማክራል፤ ፖሊስ ግን የለውም። ሕግ ማስከበሩ የየመንግሥቱ ሥራ በመሆኑ ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2017 ወታደሮቿን በሐይቁ ላይ አሰማርታለች። የትብብሩ ደካማ ጎንም ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ተመራማሪዎቻቸው መረጃ እየተለዋወጡ ሳለ፣ ኬንያና ኡጋንዳ በዙሪያዋ ናይል ፐርች በሚሰገርባት በትንሿ ሚጊንጎ ደሴት ይገባኛል ሲወዛገቡ ኖረዋል።