የስፖርት ቢዝነስ ማስተርስ፦ «ኳስ እያያችሁ ዲግሪ ትይዛላችሁ አሉ»

የስፖርት ቢዝነስ ማስተርስ እየተማርኩ ነው ስል የሚገጥመኝ ምላሽ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሳቅ ነው። ሌላው «በቃ፣ የነፃ ትኬት አገኘን!» የሚል ነው። ሁለቱም አንድ ናቸው። ነገሩን ትምህርት ሳይሆን መዝናኛ አድርገው ነው የሚያዩት። እኔም ሰልችቶኛልና ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ልያዛቸው።

«ሥራችሁ ጨዋታ ማየት ነው»

በመጀመሪያው ሴሚስተር ከኳስ ይልቅ ኤክሴል ነው ያየሁት። የፋይናንስ መምህራችን ክፍል ገብቶ ሰላም እንኳ በወጉ ሳይለን ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ። አንድ ክለብ ተጫዋች በ50 ሚሊዮን ገዝቶ የአምስት ዓመት ውል አስፈረመው፤ ዘንድሮ ስንት ወጪ ይመዘግባል? ግማሹ ክፍል «50!» አለ። እኔም አብሬ ጮኬያለሁ።

መልሱ 10 ነው። ጥሬ ገንዘቡ መቼም ይከፈል መቼ፣ በሂሳብ መዝገብ ላይ ክፍያው ለውሉ ዓመታት ይከፋፈላል። ሁለት ዓመት ሲያልፍ የተጫዋቹ የመዝገብ ዋጋ 30 ሚሊዮን ይሆናል። ያኔ በ40 ሚሊዮን ቢሸጥ ደጋፊው «10 ሚሊዮን ከሰርን» እያለ ይናደዳል፤ ሂሳብ ክፍሉ ግን 10 ሚሊዮን ትርፍ ይመዘግባል። ከክለቡ አካዳሚ የወጣ ልጅ ሲሸጥ ደግሞ የዝውውር ክፍያ ስላልወጣበት የተሸጠበት ዋጋ ከሞላ ጎደል ትርፍ ነው። ክለቦች ገና ሳንጠግባቸው የሚሸጡብን ልጆች ምክንያታቸው የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቼልሲ በጥር 2023 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሚካይሎ ሙድሪክን ለስምንት ዓመት ተኩል ሲያስፈርም ብዙ ሰው «አብደዋል» ብሎ ነበር። እብደት አልነበረም። ውሉ በረዘመ ቁጥር በየዓመቱ የሚመዘገበው ወጪ ያንሳል። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል የሆነው ዩኤፋ በዚያው ዓመት ለራሱ የፋይናንስ ቁጥጥር ሲባል ክፍፍሉ ከአምስት ዓመት እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦችም ታኅሣሥ ላይ ተከተሉት።

ለመለማመጃ የምንጠቀመው የእውነተኛ ክለቦችን ሪፖርት ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ ከ2012 ጀምሮ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ስላለ ሂሳቡን ለሕዝብ የማውጣት ግዴታ አለበት። የአሜሪካ ፉትቦሉ ግሪን ቤይ ፓከርስ ባለቤቶቹ ደጋፊዎቹ ስለሆኑ በየዓመቱ የገቢና ወጪውን ያሳውቃል። እንቅልፍ ያጣሁባቸው ምሽቶች ያለፉት በእነዚህ ወረቀቶች ላይ እንጂ በጨዋታ ላይ አይደለም።

«ቢዝነስ ያው ቢዝነስ ነው፤ ተራ ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ይበቃል»

ይሄኛው ከሌሎቹ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። የሚያነሱትም ብዙውን ጊዜ ባንክ ወይም ድርጅት ውስጥ የሠሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ሳሙና አምራች ከሆንክ ምኞትህ ሌላው ሳሙና አምራች ከገበያ እንዲወጣ ነው። ስፖርት ውስጥ ግን ተፎካካሪህ ከጠፋ አንተም ጠፋህ። ኢኮኖሚስቱ ዋልተር ኒል በ1964 ይሄን ያስረዳው በቦክስ ነበር። ጆ ሉዊስ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ነው። ብዙ ገንዘብ እንዲያገኝ ምን መመኘት አለበት? ደካማ ተጋጣሚ? አይደለም። ማክስ ሽሜሊንግን የመሰለ፣ ሊያሸንፈው የሚችል ሰው ነው የሚያስፈልገው። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የታወቀ ግጥሚያ ትኬት አይሸጥም።

ብዙው የሊግ ሕግ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) ክለቦች የቴሌቪዥን መብታቸውን በጋራ ሸጠው ገቢውን እኩል ይካፈላሉ፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ለዚህ ሲል በ1961 ሕግ አውጥቶላቸዋል። ሌላ ኢንዱስትሪ ውስጥ ተፎካካሪዎች እንዲህ ቢመካከሩ ፍርድ ቤት ነው የሚጠብቃቸው። የመጨረሻ የወጣ ቡድን በድራፍት (ክለቦች አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን ተራ በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት) የተሻለ ወጣት የመምረጥ ዕድል የሚሰጠውም ለርኅራኄ አይደለም፤ የሚቀጥለው ዓመት ውድድር እንዳይሞት ነው። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ የመጨረሻ የወጣ ይወርዳል። የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ክፍላችን ውስጥ ሁለት ጓደኛሞችን ለሳምንት አኳርፏል። (እኔ መውረድ ይኑር ባይ ነኝ፤ ግን ኢንቨስተር ብሆን ሐሳቤን የምቀይር ይመስለኛል።)

በዚህ ላይ ሕጉን ጨምርበት። በታኅሣሥ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ የአውሮፓ ኅብረት አገር ዜጋ የሆነ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ ያለ ዝውውር ክፍያ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ክለብ እንዲሄድ ፈቀደ። ይሄ ውሳኔ ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር ሲደራደር ምን ያህል ጉልበት እንደሰጠው ተራ ኤምቢኤ ላይ ማን ያስተምርሃል?

«ስፖርተኛ ያልነበረ አይገባም»

ይገባል። እኔ ራሴ ሩጫ የማውቀው ታክሲ ሲያመልጠኝ ብቻ ነው። ክፍላችን ውስጥ አካውንታንት፣ ጠበቃ፣ ጋዜጠኛና ነርስ አሉ። ስፖርተኞችም አሉ፣ ግን እንደማንኛችንም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። የማንቸስተር ዩናይትዱ ፓርክ ጂ ሱንግ ጫማ ከሰቀለ በኋላ በእንግሊዝ፣ በጣሊያንና በስዊዘርላንድ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጠውን የፊፋ ማስተርስ ተምሯል። እሱ እንኳ ስሙ ብቻ አልበቃውም ማለት ነው።

ብዙ አመልካች የሚወድቅበት ሌላ ቦታ ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን ይሄን መረጥክ?» ሲባል «ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስ እወዳለሁ» ብሎ ያቆማል። በሩ ላይ የተሰለፈው ሁሉ ኳስ ይወዳል።

«ስትመረቅ የተጫዋች ወኪል ትሆናለህ»

ዲግሪው ወኪል አያደርግም። የእግር ኳስ ወኪል ለመሆን የሚያስፈልገው የፊፋ ፈቃድ ነው። ፊፋ በ2015 የተወውን ፈተና በ2023 መልሶ አምጥቶታል። ያኔ የተሰጠው ፈተና 20 የምርጫ ጥያቄ ነበረው፤ ለማለፍ 75 በመቶ ያስፈልግ ነበር። ማስተርስ ይኑርህ አይኑርህ የሚጠይቅህ የለም። ትምህርቱ ደንቡን ለመረዳት ይረዳል፣ ከዚያ ያለፈ አይጠበቅበት። እውነት ለመናገር፣ ወኪል እሆናለሁ ብለው ከገቡት ጓደኞቼ ብዙዎቹ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ስለ ስፖንሰርና ስለ ዳታ ነው የሚያወሩት።

«ኢንተርንሺፕ ላይ ከኮከቦች ጋር ትውላለህ»

የመጀመሪያ የጨዋታ ቀኔን ልንገራችሁ። ቦታዬ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባለ ኮሪደር ነበር። ሥራዬ የስፖንሰር እንግዶች ክንዳቸው ላይ ያሰሩትን ወረቀት አይቶ ማሳለፍ ነው። አረንጓዴ ወደ ግራ፣ ሰማያዊ ወደ ቀኝ። ሜዳው ከጭንቅላቴ በላይ የሆነ ቦታ ነበር። ድንገት ኮንክሪቱ ነዘረ፣ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ፣ ጎል እንደገባ በዚያ አወቅኩ። ለማን እንደሆነ ያወቅኩት ደግሞ ከጩኸቱ ርዝመት ነው። የባለሜዳው ጎል ጩኸት ቶሎ አያልቅም። የእንግዳው ጎል ከአንድ ጥግ ብቻ ተሰምቶ ቁርጥ ይላል።

ጨዋታው ሲያልቅ አለቃዬ ውጤቱን አልጠየቀችኝም። ከተጋበዙት ስንት ሰው መጣ? ስንቱ ከእረፍት በኋላ ጥሎ ሄደ? እሷ የምትፈልገው ይሄን ነው። ሰኞ ጠዋት ስፖንሰሩ የሚጠይቃት እሱን ነዋ። አንድም ተጫዋች በቅርብ አላየሁም። አንድ ጊዜ የተጠባባቂ ግብ ጠባቂው መኪና ሲወጣ መንገድ ለቅቄለታለሁ፣ ይሄ ከተቆጠረ።

«ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፤ ዲግሪው ሥራ ያስገባል»

ገንዘቡ አለ፣ ግን ጀማሪ ሠራተኛ ጋ አይደርስም። ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ የሥራ ቦታ ሲወጣ በግማሽ ደሞዝ ለመሥራት የተዘጋጀ ብዙ ሰው ይሰለፋል፤ ክለቡም ያውቃል። በአሜሪካ ሊጎች ብዙ ሰው የሚጀምረው በትኬት ሽያጭ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ትደውላለህ፣ ቀኑን ሙሉ «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ትባላለህ። ሽያጭ የሚጠላ ሰው ይሄን ከመመዝገቡ በፊት ቢያውቀው ይሻላል። የሚያሳዝነው፣ የትምህርት ቤቶቹ ብሮሹር ላይ ይሄ የለም። እዚያ ያለው ስታዲየም ውስጥ ፈገግ ያለ ወጣት ነው።

ሥራ የሚያገኙት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ጎበዝ የተባሉት ብቻ አይደሉም። የቡድን ሥራ ላይ ቃላቸውን የሚያከብሩትም ናቸው። ዛሬ ስላይዱን ያላደረሰልህን ልጅ ከሦስት ዓመት በኋላ ለቅጥር ስትጠየቅ ስሙን አትጠራውም።

«አዲስ ፋሽን ነው»

የኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት አስተዳደር ማስተርስ የጀመረው በ1966 ነው። ሐሳቡ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል። የዶጀርስ ቤዝቦል ክለብ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ ቢሮውን የሚመሩ የሠለጠኑ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ በ1957 ለዩኒቨርሲቲ መምህር ለጄምስ ሜሰን ጽፎለት ነበር። እንግዲህ ፋሽን ከተባለ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል።

«ከዚያ በኋላ ጨዋታ አይጣፍጥህም»

ይሄን ግማሽ በግማሽ እቀበላለሁ። አሁን ጨዋታ ስንመለከት ጓደኞቼ ኳሷን ሲያዩ እኔ ሜዳው ዳር የሚቀያየሩትን ማስታወቂያዎች እቆጥራለሁ። የትኛው ከጎሉ ጀርባ ነው? ስንት ሰከንድ ቆየ? ባለፈው ሳምንት ሁሉም ዘለው ሲቃቀፉ እኔ «አያችሁ? ጎሉ ሲገባ የነበረው የባንኩ ማስታወቂያ ነው!» አልኩ። አንዱ ሪሞቱን ከእጄ ወስዶ ሌላ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።